የቦንሳይ ድብልቅ ለጅማ ዝናብ፦ ሬድ አሽ፣ ፓሚስ፣ የቡና ገለባ… ምን ከምን ጋር?

ጂሬን_ዳር
ሰላም ለዚህ ቤት፤ እህታችሁ ነኝ ከጅማ። ጭብሃ፣ ወይራና ቡና ከፕላስቲክ ከረጢት ወደ ቦንሳይ ሳህን (ድንክ ዛፍ ወደሚያድግበት ጠፍጣፋ ዕቃ) ላዛውር ነው። ሳህኖቹ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሥራቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ዛፎቹ አሁን ያሉት በግቢው ቀይ አፈርና ፍግ ድብልቅ ውስጥ ነው።

ለሙከራ ቀይ አፈሩን ከወንዝ አሸዋ ጋር እኩል ቀላቅዬ አንዱን ሳህን ባዶውን ሞላሁት። ውሃ ሳፈስበት ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተጋግሮ ከሳህኑ ጠርዝ ይላቀቃል። ይህ ለዛፍ እንደማይሆን ገብቶኛል።

ላገኝ የምችለው ከብሎኬት ማምረቻ ሬድ አሽና ፓሚስ (ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ጠጠር ናቸው)፣ ከቡና መፈልፈያ ገለባ የፈለግሁትን ያህል፣ የከሰል ጥራጊና የወንዝ አሸዋ ነው። የጃፓኑን የቦንሳይ አፈር፣ አካዳማን፣ እዚህ ማግኘት አይታሰብም። የምጠይቃችሁ፦ ቀይ አፈራችን አካዳማን ይተካል? ጠጠሩ ምን ያህል ይሁን? ገለባው እንዳለ ይግባ ወይስ ይብላላ? ከሥር ትልልቅ ጠጠር ማንጠፍስ ያስፈልጋል? መጋቢት ሳያልቅ ሁሉንም አዘጋጅቼ ብጠብቅ ደስ ይለኛል።

ወንፊት_በእጄ
እህቴ፣ ስለ ዕቃዎቹ ስም ከመጨነቅሽ በፊት ወንፊትሽን አዘጋጂ። ሙከራሽ የታፈነው በአሸዋው ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሸክላው ገብቶ ስለሞላው ነው። አሸዋ መጨመር የተጣበቀ አፈርን ይከፍታል የሚለው ምክር ብዙ ዛፍ አስጨርሷል፤ አሸዋው እጅግ ካልበዛ በቀር ድብልቁ የበለጠ ይጠጥራል። ለቦንሳይ የሚፈለገው መጠናቸው የተቀራረበ ጠጠሮች ናቸው፤ በመካከላቸው አየር፣ በውስጣቸው ውሃ እንዲይዙ።

ለአንቺ ሳህን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ይስማማል። ከመዳፍ ለማይበልጡ ጥቃቅን ዛፎች ከ2 እስከ 3 ይበቃል። ከ6 በላይ የሆነውን ገና ግንድ ለሚያወፍሩ ዛፎች በትልቅ ፖት ተጠቀሚበት። ከ2 በታች ያለው በሙሉ ይውጣ።

ወንፊት ለማግኘት ጅማ ውስጥ መሆንሽ ይጠቅምሻል። የቡና ፍሬ በመጠን የሚለይበት ወንፊት ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በኢንች 64ኛ ነው የሚናገረው፤ ቁጥር 14 ማለት 14/64 ኢንች፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሮጌ ካገኘሽ የላይኛው ወንፊትሽ እሱ ነው። ለታችኛው ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ፈልጊ። የመስኮት የትንኝ ሽቦ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ ዱቄቱን ብቻ ያወጣል፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ስትነፊ ሬድ አሹ ላይ ብናኙ እንዳይነሳ ያህል ብቻ ውሃ ርጪበት፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ያ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው። ከላይኛው ወንፊት የቀረውን በመዶሻ ሰባብረሽ መልሰሽ ንፊው። ከታችኛው ያለፈውን ለጓሮ አትክልት መደብ አድርጊው። መሃል የቀረውን ባልዲ ውስጥ በውሃ አማሺው፣ ድፍርሱን ድፊ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ድገሚው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን እጥበት ነው። ሳይታጠብ የገባ ብናኝ ውሃ በጠጣ ቁጥር ወደ ታች እየወረደ ቀዳዳው አካባቢ ይጋገራል፤ ላዩ ንጹሕ ጠጠር እየታየ ሥሩ ከታች ይበሰብሳል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 30 በ20 በ6 ሳህን 3.6 ሊትር ይይዛል። ሥሩ የሚወስደው ቦታ ሲቀነስ 3 ሊትር ገደማ ነው፤ ለሦስቱ 10 ሊትር የተነፋና የታጠበ ይበቃሻል። ከጥሬው ቢያንስ እጥፉን አምጪ። ስትቀላቅዪ በጆግ ስፈሪ እንጂ በኪሎ አትመዝኚ፤ ፓሚስ ከሬድ አሽ በጣም ስለሚቀል በኪሎ ከሆነ ምጥጥኑ ይዛባል።

ለጭብሃው 4 እጅ ፓሚስ፣ 4 እጅ ሬድ አሽ፣ 2 እጅ የተብላላና የተነፋ ገለባ። ለወይራው 5 እጅ ፓሚስ፣ 4 እጅ ሬድ አሽ፣ 1 እጅ የታጠበ ከሰል፤ ገለባ አይግባበት። ፓሚስ በውስጡ ውሃ አዝሎ ቀስ እያለ ለሥሩ ይሰጣል። ሬድ አሽ ከበድ ያለና ባለ ሻካራ ጠርዝ ስለሆነ ዛፉን አጽንቶ ይይዛል። ሁለቱም ለዓመታት አይፈርሱም። ከሰሉ ደግሞ አመዱ በደንብ ካልታጠበ ድብልቁን ወደ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ይገፋዋል፤ ከ1 እጅም አይለፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከብሎኬት ማምረቻ ስትወስጂ ሲሚንቶ ካልነካው ክምር ይሁን። ከተጠራጠርሽ እፍኝ ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ሲሚንቶ ወይም ኖራ አለበትና ተዪው።

ቀይ_መሬት
ስለ ቀይ አፈሩና ስለ ገለባው ልጨምር።

የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር አብዛኛው ኒቲሶል የሚባለው ዓይነት ነው። ጥልቅ ነው፣ አሲዳማ ነው፣ ሸክላው ከ30 በመቶ ይበልጣል። እርሻ ላይ ውሃ በደንብ የሚያሳልፈው አፈሩ በተፈጥሮ ትንንሽ እንክብሎች ሆኖ ስለሚሰባበር፣ የዛፍ ሥርና የምድር ትል መንገድ ስለሚከፍቱለት፣ ከሥሩም ውሃውን የሚስብ ብዙ ሜትር አፈር ስላለ ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። በእጅ ሲታሽና በየቀኑ ሲርስ እንክብሉ ይፈርሳል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ያለው የብረትና የአልሙኒየም ኦክሳይድ ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ የምትሰጪው ማዳበሪያ ከፊሉ ለሥሩ አይደርስም።

አካዳማም ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ፣ በጃፓን ካንቶ አካባቢ የሚቆፈር ሸክላማ አፈር ነው። ልዩነቱ እንክብሉ ረጥቦም ቅርጹን ይዞ መቆየቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደቃል። ጃፓኖችም ብዙውን ጊዜ ከፓሚስና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር ነው የሚቀላቅሉት። አንቺ ጋ ሁለቱ አሉ፤ የጎደለሽ ሦስተኛው፣ ማዳበሪያ የሚይዘው ክፍል ነው። እሱን የተብላላው ገለባ ይሸፍንልሻል።

እንደዚያም ሆኖ ቀይ አፈሩን መሞከር ከፈለግሽ በፀሐይ የደረቀ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ እንክብል ብርጭቆ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት አሳድሪው፣ ከዚያ ብርጭቆውን አዙሪው። ውሃው ከደፈረሰ ወይም እንክብሉ በጣት ሲነካ ጭቃ ከሆነ አይግባ። ቅርጹን ከያዘ ለቡናው ብቻ ጥቂት ይሆናል። ለቡና የምለው 4 እጅ ፓሚስ፣ 2 እጅ ሬድ አሽ፣ 3 እጅ የተብላላ ገለባ፣ 1 እጅ ይህን ፈተና ያለፈ ቀይ እንክብል ነው። ቡና አሲዳማነትና የማይቋረጥ እርጥበት ይወዳል።

ገለባው ጥሬውን ፈጽሞ አይግባ። ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ሁለቱም ለጋ ሥር ይጎዳሉ። ደግሞም ፖቱ ውስጥ መብላላት ሲጀምር ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱታል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ቢያንስ 1 ሜትር ቁመት አድርገሽ ከምሪው፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ለእያንዳንዱ 3 እጅ ገለባ 1 እጅ ትኩስ የከብት እበት ወይም የብርብራና የሰሳ ለጋ ቅጠል ጨምሪበት፤ ሁለቱም ዛፎች ናይትሮጅን የሚያስሩ ስለሆኑ ቅጠላቸው ለዚህ ተስማሚ ነው። እርጥበቱ በእፍኝ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ የሚያወጣ ያህል ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጪው። ዝናብ እንዳያጥበው ሸፍኚው፤ ገለባ በፖታሲየም ሀብታም ነው፣ ፖታሲየም ደግሞ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል።

ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ቀለሙ ጠቁሮ፣ መሃሉ ቀዝቅዞ፣ ሽታው የዝናብ አፈር ሲሆን ደርሷል። ማረጋገጫው ፌጦ ነው፤ ቶሎ ስለሚበቅል ለዚህ ፈተና የሚመች ዘር ነው። እኩል ቁጥር ያለው ዘር አንዱን እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ሌላውን እርጥብ ገለባው ላይ ዝሪ። በአራት ቀን ውስጥ ገለባው ላይ ያለው ከጨርቁ ካነሰ ወይም ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከታጠፈ ገና ነው። ሲደርስም ንፊው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው አይግባ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ከጀመርሽ ለዚህ ዝናብ አይደርስልሽምና ከቡና ተክል አምራቾች የቆየ የገለባ ብስባሽ ጠይቂ። ካልተገኘ ለጭብሃው ያለ ገለባ 5 ለ5 ፓሚስና ሬድ አሽ ሠርተሽ በማዳበሪያ ማካካስ ይሻላል። ቡናው ግን ከረጢቱ ውስጥ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ጭብሃ_ቤት
ጠጠር ማንጠፉን በሚመለከት መልሱ አያስፈልግም ነው፤ ጉዳትም አለው። ማንኛውም ፖት ውስጥ ውሃ ከወረደ በኋላ ከሥር የማይፈስ እርጥብ ንብርብር ይቀራል። የንብርብሩን ቁመት የሚወስነው የጠጠሩ መጠን ነው፤ የፖቱ ጥልቀት አይለውጠውም። ጠጠሩ በደቀቀ ቁጥር ንብርብሩ ይረዝማል። ትልልቅ ጠጠር ከሥር ስታነጥፊ ውሃው ከደቃቁ ወደ ትልቁ በቀላሉ አይሻገርም፣ ንብርብሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥሩ የሚኖርበትም ቦታ ይጠባል። ጥልቅ ፖት ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ብዙ አይጎዳም፤ 6 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውስጥ ግን ግማሹ ማለት ነው።

በዓይንሽ ለማየት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ አርሰሽ በጠፍጣፋ ጎኑ መዳፍሽ ላይ አኑሪ፣ መንጠባጠቡ እስኪቆም ጠብቂ። ከዚያ ሳትጨምቂው በጠባብ ጎኑ አቁሚው፤ እንደገና ውሃ ይለቃል። ስፖንጁ ያው ነው፣ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ክረምት ላይ ሳህኑን በአንድ ጎኑ ድንጋይ ደግፈሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ቀዳዳ ያለበት ጎን ወደ ታች ይሁን። ቀዳዳው ላይ የሚያስፈልገው የወንፊት ቁራጭ ብቻ ነው።

ድብልቅሽን ከመትከልሽ በፊት ለኪው። ጥልቀቱ ከሳህንሽ እኩል የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ሥሩን ብሺና በፕላስተር ዝጊው። ቀድሞ የረጠበና የተንጠፈጠፈ ድብልቅ 1 ሊትር አስገቢ፤ ደረቅ ፓሚስ ውሃ ስለሚጠጣ ልኬቱን ያሳስተዋል። ውሃው ከላይ እስኪታይ ሙዪው፣ ሩብ ሰዓት አቆዪው፣ ፕላስተሩን ላጪና የሚወጣውን በጆግ ተቀበዪው። የወጣው ውሃ የአየር ቦታ ነው። ለጅማ ዝናብ 250 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ መልካም ነው። ከ150 በታች ከሆነ እንደገና ንፊው ወይም ገለባውን ቀንሺ። በረጅም የሃይላንድ ጠርሙስ አትለኪ፤ ቁመቱ ውሃውን ስለሚያወርደው ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሆናል።

በሁለት ነገር ከወንድሞቼ እለያለሁ። ለጭብሃው 2 እጅ ገለባ ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳ ላይ ለሚውል ሳህን ይበዛል፤ 1 እጅ ይብቃው። ለቡናውም ቀይ እንክብሉን ለዚህ ቀጭን ሳህን ባትጨምሪው እመርጣለሁ። የብርጭቆውን ፈተና ቢያልፍ እንኳ በሁለተኛው ክረምት ይደቃል፤ የደቀቀውን ደግሞ ከሥር መሃል መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ወንፊት_በእጄ
የጭብሃውን እቀበላለሁ፤ የእኔ 2 እጅ ከበረንዳ ሥር ለሚውል ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ 1 እጅ ገለባ፣ ቀሪው 9 እጅ በሁለቱ ጠጠሮች ይካፈል።

ጂሬን_ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ሄጄ አየሁት፤ ፓሚሱ በጣም የደቀቀ ነው፣ አብዛኛው በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያልፋል። ለብሎኬት የሚፈልጉት እሱን ነው መሰለኝ። ጡብ ሰብሬ ብጠቀምስ? የተሰበረ ጀበናና ምጣድ ገልም አለ። ሌላው፣ ይህ ሁሉ ድንጋይ ከሆነ ዛፉ ምን ይበላል?

ወንፊት_በእጄ
ጡብ ይሆናል፤ በእኩል መጠን የሬድ አሹን ቦታ ይተካል። በደንብ የተተኮሰ ጡብ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁ የደነዘዘ ከሆነ ውስጡ ጥሬ ነው። ከፈረሰ ቤት ከሆነ የሲሚንቶ ልጣፉን ጠርበሽ አቼቶውን ሞክሪበት። ገል በሜዳ እሳት ስለሚተኮስ ጥንካሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል፤ ሰብረሽ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሪው፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚላላውን ጣዪው። ስትሰብሪ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅልለሽ ይሁን፣ ስንጣሪው ዓይን ይጎዳል።

የፓሚሱን ነገር ከክምሩ ጥግ ፈልጊው። ሲፈስ ትልልቁ ጠጠር ተንከባልሎ ከሥር ዙሪያ ይከማቻል፤ ከመሃል የሚወሰደው ደቃቁ ነው። የወንዝ አሸዋውን ተዪው፤ ፍሬው ውስጥ ውሃ የሚይዝበት ቀዳዳ የለውም፣ ሳህኑንም ያከብደዋል።

ቀይ_መሬት
ምግቡን አንቺ ትሰጪዋለሽ፣ በጥቂቱና ቶሎ ቶሎ። ጃፓኖች የጎመን ዘር ፋጉሎ ይጠቀማሉ፤ እኛ የኑግ ፋጉሎ አለን፣ ናይትሮጅኑ 5 በመቶ አካባቢ ነው። 100 ግራም የተፈጨ ፋጉሎ በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፈሽ ክዳኑን ሳታጠብቂ አራት ሳምንት አስቀምጪው፤ ጋዝ ስለሚያወጣ የታሸገ ዕቃ ይፈነዳል። ከዚያ አጥልለሽ 1 እጁን በ15 እጅ ውሃ አቅጥነሽ ዛፉ በሚያድግበት ወቅት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አጠጪ። ደረቁን ላዩ ላይ መነስነስ ዝንብና አይጥ ይጠራል፣ ሲረጥብም ሽፋን ሠርቶ ውሃ ይከለክላል።

ዩሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ ለ1 ሊትር ግማሽ ግራም፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ለ8 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ። ከዚያ አትለፊ። ጠጠር እንደ አፈር የበዛውን ይዞ አያቆይም፣ ጨውነቱ በቀጥታ ሥሩን ያቃጥላል። ደረቅ ሥር ላይም አታፍሺ፤ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ማዳበሪያ። የዛፉ ሥር ከተቆረጠ በኋላ ለአንድ ወር ምንም አይሰጥ።

ጂሬን_ዳር
አሁን ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ የድሮውን ቀይ አፈር ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ልጠብ?

ጭብሃ_ቤት
እንደ ዛፉ ነው። ጭብሃውን ሙሉ በሙሉ ማጠብ ትችያለሽ፣ ይችለዋል። ወይራውን ዘንድሮ ግማሹን ጎን ብቻ አጽጂ፣ ሌላውን በሚቀጥለው መዛወር። ቡናውም ሲደርስ እንደ ወይራው ነው፤ ዋናው ሥሩ ከተጎዳ ለረጅም ጊዜ ያኮርፋል። ግማሽ በሚቀርበት ዛፍ ላይ አሮጌውን ጭቃ በእንጨት ስንጥር ጫፍ ጫፉን አላሺው፤ ድፍን ኳስ ሆኖ በጠጠር ከተከበበ ውሃው በጠጠሩ በኩል እየሾለከ ኳሱ ይደርቃል፣ አንዴ ሲርስ ደግሞ ለቀናት አይደርቅም።

ጊዜው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ፣ ዝናቡ ሲጀማምር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አታድርጊው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሥር ቶሎ አይተካም። ሳህኑ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳልፈሽ ሥሩን እሰሪው፤ የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ጸጉር ሥሩን ይበጥሳል። ጠጠሩን በስንጥር ወደ ሥሩ መሃል አስገቢ፣ በእጅ ግን አትጫኚ። ከዚያ ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጠጪና ሁለት ሦስት ሳምንት ከቀጥታ ፀሐይ ከልዪው።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ተከታተዪ። አሮጌዎቹ ቅጠሎች በእኩል ከገረጡ ናይትሮጅን አንሷል። አዳዲሶቹ ደም ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ከቢጫ ብረት አልደረሳቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ ወይም አመድ ገብቶ አልካላይን ሆኗል ማለት ነው። ድብልቁ እርጥብ ሆኖ አሮጌም አዲስም ቅጠል አብሮ ከረገፈ ሥሩ ታፍኗል፤ ማዳበሪያ አትጨምሪ፣ ሳህኑን አዘንብዪና ከዝናብ አውጪው። በጋ ላይ ደግሞ ስንጥሩን 4 ሴንቲ ሜትር ሰክተሽ አሥር ደቂቃ አቆዪው፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ አጠጪ። ከጥር እስከ የካቲት በዚህ ድብልቅ በቀን አንዴ፣ በሞቃት ቀን ሁለቴ ማጠጣት የተለመደ ነው።